ትንኝና ቀመር

ደሴ ሒሳብ እማራለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌ ግን በወባ ላይ ነው፤ የባዮሎጂ ተማሪ ጓደኛዬ ናት ጎትታ ያስገባችኝ። እማዬ «ሒሳብና ትንኝን ምን አገናኛቸው?» ትላለች። አብሽሪ እላታለሁ።

መነሻችን ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ያሳየው ሐኪም የሮናልድ ሮስ ሞዴል ነው፤ የወባን ስርጭት በሒሳብ የሚገልጽ ቀመር፣ 1911 እ.ኤ.አ.። እኔን የገረመኝ የንክሻው ፍጥነት ነው። ቀመሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይገባል፣ ማለትም በራሱ ይባዛል። ትንኟ አንዴ ነክሳ ተውሳኩን ትወስዳለች፣ ሌላ ጊዜ ነክሳ ታቀብላለች። ስለዚህ በሞዴሉ አጎበር ንክሻውን በግማሽ ከቀነሰ ስርጭቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ቀላል አይደለም!

ሙቀትም አለ። ደጋ ላይ ተውሳኩ ሳያድግ ትንኟ ትሞታለች። ቁልቁል ኮምቦልቻ ሲወረድ ግን ነገሩ ይለያል። ጓደኛዬ ቦርከና ወንዝ ዳር ካቆረው ውሃ እጭ በጭልፋ ትቀዳለች፤ እኔ ጃኬቴን አውልቄ ቴርሞሜትር አነባለሁ። የሞዴሉን የኮምፒውተር ኮድ ማን እንደሚጽፍ ገና እየተጨቃጨቅን ነው።