በለንደን ኩሬ የብርዱን ወራት መዋኘት፦ እንዴት እንደለመድኩትና ምን እንዳስተማረኝ

በሰሜን ለንደን፣ ሃምፕስቴድ ሂዝ በተባለው ሰፊ መስክና ጫካ ውስጥ፣ ኬንውድ የሚባል ለሴቶች የተለየ የመዋኛ ኩሬ አለ። የአካባቢው ኩሬዎች በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለከተማው የመጠጥ ውሃ እንዲያጠራቅሙ የተሠሩ ሲሆኑ፣ የሚመግቧቸውም ምንጮች ዛሬ ከመንገድና ከሕንፃ ሥር ተቀብሮ የሚፈሰው የፍሊት ወንዝ መነሻዎች ናቸው። የወንዶቹ ኩሬ ከ1893፣ የሴቶቹ ደግሞ ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዋና ክፍት ሆነዋል፤ ሁለቱም በብርዱ ወራት አይዘጉም። ውሃውን የሚያሞቅ ምንም ነገር የለም፤ ጥልቅና ጥቁር ስለሆነ ታቹ አይታይም፣ በእግር የሚቆምበት ጥግም የለውም። እኔ ዋና የተማርኩት በልጅነቴ ሶደሬ፣ ከመሬት በሚፈልቅ ፍል ውሃ በሚሞላው ገንዳ ነው። ስለዚህ በ4 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ለመዋኘት ያበቃኝ በተፈጥሮ የታደልኩት ጽናት ሳይሆን፣ ቀስ በቀስ የተገኘ ልማድና ከሌሎች የተማርኩት ጥንቃቄ ነው። ከዚህም ሁሉ ዋናው ትምህርት፣ ወደ ቀዝቃዛ ውሃ መግባት የሥራው ቀላል ክፍል መሆኑ ነው፤ ዕውቀት የሚጠይቀው መቼ እንደሚወጣና ከተወጣ በኋላ ምን እንደሚደረግ ማወቁ ላይ ነው።

የጀመርኩት ነሐሴ ላይ፣ ውሃው 20 ዲግሪ ገደማ በነበረበት ጊዜ ነው። በየሳምንቱ ሁለት ሦስት ቀን መሄዱን እየለመድኩ ስመጣ፣ መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲተካም አላቋረጥኩም። የነፍስ አድን ሠራተኞቹ የዕለቱን የውሃ ሙቀት የሚጽፉበት ሰሌዳ አለ፤ ማንኛዋም ዋናተኛ ልብሷን ከማውለቋ በፊት መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው። ጥቅምት አጋማሽ ላይ 12፣ ኅዳር ላይ ከ10 በታች፣ ታኅሣሥ ላይ 6 እና 5፣ ጥር ላይ ደግሞ 4 እና 3 ተጽፎ አይቻለሁ፤ በጣም በበረደ ሰሞን የኩሬው ዳር በስስ በረዶ ይሸፈናል። ሆኖም ቁጥሩ በአንድ ጊዜ አይወርድም፤ በአማካይ በሳምንት አንድ ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ሳያቋርጥ የሚመላለስ ሰው ሰውነቱ አብሮ ይወርዳል። በፖርትስመዝ ዩኒቨርሲቲ ማይክ ቲፕተንና ባልደረቦቹ ባካሄዷቸው ጥናቶች፣ ሰው በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ብቻ እየቆየ አምስት ስድስት ጊዜ ቢገባ፣ የመጀመሪያው ድንጋጤ በግማሽ ያህል እንደሚቀንስና ልማዱም ለወራት እንደሚቆይ ታይቷል። በጥር ወር አንድ ቀን ተነሥቶ ልሞክረው ለሚለኝ ወዳጅ ሁሉ፣ እስከ ነሐሴ እንዲታገሥ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚሁ ጋር አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ልማዱ የሚያቀለው ድንጋጤውን እንጂ ሰውነት ሙቀት የሚያጣበትን ፍጥነት አይደለም። የለመደ ሰው ብርዱ ስለማይከብደው ብቻ የማይቀዘቅዝ ይመስለዋል፤ ይህ አሳሳች ስሜት ከጀማሪው ይልቅ ልምድ ያለውን ሰው ለአደጋ ያጋልጣል።

ስለ ድንጋጤው ዘርዘር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። ቆዳ በድንገት ሲቀዘቅዝ፣ ሰው ሳያስበው አየር በኃይል ወደ ውስጥ ይስባል፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፣ የልብ ምቱ ይፈጥናል፣ የደም ግፊቱም ይጨምራል። ይህ ሁኔታ በመጀመሪያዎቹ 30 ሰከንዶች ውስጥ ይበረታል፤ በሁለት በሦስት ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ይረግባል። ብዙ ሰው በቀዝቃዛ ውሃ የሚሞተው የሰውነት ሙቀት ወርዶ እንደሆነ ያስባል፤ ነገር ግን አንድ አዋቂ ሰው በበረዷማ ውሃ ውስጥ እንኳ እዚያ ደረጃ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በድንገት የሚሞቱት ብዙዎቹ የሚሞቱት በእነዚያ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ነው። ጎሕ ሳይቀድ እንጦጦ ማርያም ጠበል የተጠመቀ ሰው፣ የመጀመሪያው ውሃ ጀርባው ላይ ሲወርድ ከደረቱ የምታመልጠውን ያቺን ትንፋሽ ያውቃታል። ልዩነቱ፣ ጠበል ላይ እግር መሬት ረግጧል፤ ኩሬው ውስጥ ግን በዚያች ቅጽበት አፍ ከውሃ በታች ከሆነ፣ ወደ ሳንባ የሚገባው ውሃ ነው።

ስለዚህ ዘልዬ አልገባም። በመሰላሉ እየወረድኩ መጀመሪያ እጄን፣ ፊቴንና ማጅራቴን አርሳለሁ፤ ከዚያ እስከ ትከሻዬ ገብቼ መሰላሉን ሳልለቅ እቆማለሁ። ትኩረቴ ትንፋሽን በረጅሙ ማስወጣት ላይ ነው፤ መሳቡ በራሱ ይመጣል። አቡነ ዘበሰማያትን ሳላቆራርጥ እስከ መጨረሻው መድገም ስችል ብቻ መሰላሉን ለቅቄ መዋኘት እጀምራለሁ። ከሃይማኖታዊ ትርጉሙ ባሻገር፣ ጸሎቱ ትንፋሽ መመለስ አለመመለሱን የምለካበት የታመነ መለኪያ ሆኖልኛል፤ ሁለት ጊዜ የደገምኩባቸው ጠዋቶችም አሉ። ራሴን ከውሃው በላይ አድርጌ በደረት ዋና እጓዛለሁ እንጂ፣ በብርዱ ወራት ፊቴን አልነክርም። የብሪታንያው የባሕር ነፍስ አድን ተቋም አርኤንኤልአይ ሳያስብ ውሃ ውስጥ ለወደቀ ሰው የሚሰጠው ምክርም ከዚሁ ጋር ይስማማል፦ ድንጋጤው እስኪያልፍ ከውሃው ጋር አለመታገል፣ በጀርባ ተንጋሎ መንሳፈፍ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ መዋኘት ወይም ርዳታ መጥራት።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ የቆይታ ነው። ውሃ ሙቀትን ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ በላቀ ፍጥነት ያስተላልፋል፤ ስለዚህ በ5 ዲግሪ አየር ውስጥ በቀላል ሹራብ መንሸራሸር መቻል በ5 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ስለመቆየት የሚነግረን ነገር የለም። ዋናተኞች ዘንድ «ለአንድ ዲግሪ አንድ ደቂቃ» የሚል ደንብ ይሰማል። እንደ ጣሪያ ከታየ አይከፋም፤ ችግሩ ብዙዎች እንደ ግብ መያዛቸው ነው። የሰው ውፍረትና ቅጥነት፣ ዕድሜው፣ እንቅልፍ ማግኘት አለማግኘቱ፣ ቁርስ መብላት አለመብላቱ፣ የዕለቱ ንፋስ፣ ይህን ሁሉ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር አያውቀውም። እኔ ቀጭን ስለሆንኩ 4 ዲግሪ ሲሆን ከሁለት ደቂቃ ብዙም አልዘልም። ከሰዓቱ በላይ የማምነው ግን እጄን ነው። ትንሿ ጣቴ ከሌሎቹ ጋር አልገጥም ብላ ስትለያይ፣ የእጅ ጡንቻና ነርቭ እየቀዘቀዘ መሆኑን አውቃለሁ፤ ከዚያ የሚከተለው የቀዘፋው ማጠርና የእግር ወደ ታች መስጠም ነው። መሰላሉን ለመያዝ ጣት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የመውጫው ጊዜ ጣቶች ገና ሲታዘዙ ነው። እዚያው ኩሬ ብዙ ዓመት የዋኙ አንዲት አዛውንት፣ ብርዱ ጠፍቶልሽ ደስ ሲልሽ ያን ጊዜ ውጪ ብለው መክረውኛል። ነገሩ እውነት ነው፤ ያ የደስታ ስሜት የሚመጣው ቆዳ ሲደነዝዝ ነው።

ከመውጣት በኋላ ያለው ክፍል ለእኔ ከሁሉ የበለጠ ትምህርት የሰጠኝ ነው። ለእናቴ በስልክ ነገሩን ስነግራት፣ «ልጄ፣ ዋናውስ ይሁን፤ ከውሃ ወጥተሽ ንፋስ እንዳትቀበዪ፣ ብርድ ይመታሻል» አለችኝ። ምችና ብርድን ስለሚፈራው የአገራችን ልማድ ብዙ ቀልድ ይነገራል፤ እዚህ ላይ ግን እናቴ ከብዙ ጀማሪ ዋናተኞች ይልቅ አደጋው የቱ ጋ እንዳለ ታውቅ ነበር። በውሃው ውስጥ ሳለን ሰውነት ደሙን ከቆዳና ከእጅ እግር ሰብስቦ ወደ መሃል ስለሚይዝ ውስጡ ለጊዜው ይሞቃል። ከወጣን በኋላ ግን የቀዘቀዘው የላይኛው የአካል ክፍል ከውስጡ ሙቀት መሳቡን ይቀጥላል፤ በዚህ የተነሣ የውስጥ ሙቀት ከውሃ ከተወጣ በኋላም ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ውሃው ውስጥ ደኅና የነበረ ሰው ልብስ እየለበሰ ሳለ መንቀጥቀጥ፣ መደናገር፣ አንዳንዴም ራሱን መሳት የሚደርስበት ከዚህ የተነሣ ነው።

በመሆኑም ከመግባቴ በፊት ልብሴን በምለብስበት ቅደም ተከተል ደርድሬ እተዋለሁ፤ መጀመሪያ የሚለበሰው ከላይ ይሆናል። ስወጣ ርጥቡን የዋና ልብስ ከላይ ጀምሬ አወልቃለሁ፣ ፎጣውን ሳልፈትግ ተጭኜ እደርቃለሁ፣ ወዲያው የሱፍ ኮፍያና ሹራብ አደርጋለሁ። ቁልፍ፣ ዚፕና ጠባብ ሱሪ የሚባል ነገር አይታሰብም፤ የደነዘዘ ጣት አንድ ቁልፍ እንኳ አይቆልፍም። በመጨረሻ ጋቢዬን ደርቤ እከናነባለሁ። ለዚሁ ተብለው የሚሸጡትን ውድ ካባዎች አይቻቸዋለሁ፤ ሰፊ፣ ሙቅ፣ ከላይ ጣል የሚደረግ ነገር ከሆነ የሚፈለገው፣ ከአገር ቤት የመጣልኝ ጋቢ ምንም አልጎደለውም። ከዚያ በፔርሙዝ የያዝኩትን የዝንጅብል ሻይ ስኳር አብዝቼ ቀስ እያልኩ እጠጣለሁ፤ መንቀጥቀጡ ሰውነት ራሱን የሚያሞቅበት መንገድ ስለሆነ ለማቆም አልታገለውም። ወዲያው ሙቅ ሻወር ውስጥ መግባት ግን አደገኛ ነው፤ የተጨማደዱትን የደም ሥሮች በአንድ ጊዜ ስለሚከፍት የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ሰውንም ሊጥል ይችላል። አልኮልም እንዲሁ ሙቀት የሰጠ መስሎ ሙቀት ያስወጣል። መኪና የሚነዳ ሰው ደግሞ መንቀጥቀጡ ሙሉ በሙሉ እስኪያልፍለት መሪ መያዝ የለበትም።

ስለ መሣሪያ ብዙ የምለው የለኝም። ከ10 ዲግሪ በታች ሲሆን ኒዮፕሪን ከሚባል ሙቀት ጠባቂ ላስቲክ የተሠራ ጓንትና ካልሲ አደርጋለሁ፤ ደማቅ ቀለም ያለው የዋና ኮፍያም አይለየኝም። ፀጉሯን ሹሩባ የምትሠራ ሴት ይህን ልብ ትበል፦ የረጠበ ሹሩባ ቶሎ አይደርቅም፣ በንፋስም አንገትንና ራስን ለረጅም ጊዜ ያቀዘቅዛል፤ እኔ ሁለት ኮፍያ ደርቤ ነው የምዋኘው። ቅቤ ትቀቢያለሽ ወይ ብላ የጠየቀችኝ ጓደኛም አለችኝ። ጥያቄዋ ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ በ1875 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝን ሰርጥ ያለ ረዳት መሣሪያ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋኝቶ የተሻገረው ካፒቴን ማቲው ዌብ ሰውነቱን በባሕር እንስሳ ዘይት ተቀብቶ ነበር። ሆኖም ቅባት ከመፋፋቅ ይከላከል ይሆናል እንጂ ብርድን እዚህ ግባ በሚባል ደረጃ አያግድም፤ ቅቤው ለወጥ ይቆይ።

ብቻዬን አልዋኝም። በ2005 እ.ኤ.አ. የሃምፕስቴድ ሂዝ የብርድ ወራት ዋናተኞች ክበብ ኩሬዎቹን በሚያስተዳድረው አካል ላይ ባቀረበው ክስ፣ የእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አዋቂዎች አደጋውን በራሳቸው ኃላፊነት ተቀብለው ያለ ነፍስ አድን ሠራተኛ በማለዳ መዋኘት እንደሚችሉ የሚደግፍ ውሳኔ ሰጥቷል። ውሳኔውን አከብራለሁ፤ እኔ ግን በመብቱ አልጠቀምም። የልብ ሕመም፣ የደም ግፊት ወይም አስም ያለበት፣ ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ሐኪም ሳያማክሩ መሞከር የለባቸውም። ስለ ውሃው ንጽሕናም ማሰብ ተገቢ ነው፤ በእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የመዋኛ ውሃን የሚመረምረው ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሜይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 30 ስለሆነ፣ በብርዱ ወራት ከባድ ዝናብ ከጣለ በኋላ ለሁለት ቀን ያህል እቀራለሁ፤ ቁስል ካለብኝም አልገባም። ቀዝቃዛ ውሃ ይህን በሽታ ያድናል፣ ያንን ይከላከላል ተብሎ የሚነገረውን አብዛኛውን ነገር በጥርጣሬ ነው የማየው። ጨለማው በሚከብድበት በታኅሣሥና በጥር፣ ኩሬው የሄድኩበት ቀን መንፈሴ ቀለል እንደሚል ግን ከራሴ አውቃለሁ፤ ይህም ከውሃው ይሁን፣ ከእግር መንገዱ ይሁን፣ ወይም እዚያ ከማገኛቸው ሴቶች ጨዋታ ይሁን ለይቼ መናገር አልችልም።

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው አደገኛ ወቅት መጋቢትና ሚያዝያ ነው። ፀሐይ ይወጣል፣ አየሩ 18 እና 20 ዲግሪ ይደርሳል፣ ሰዉም በአጭር እጅጌ መስኩ ላይ ይተኛል፤ ውሃው ግን ከአየሩ ብዙ ሳምንት ወደ ኋላ ስለሚቀር ገና 9 ወይም 10 ዲግሪ ላይ ነው። ብርዱን ወራት ያልዋኘ ሰው በእንዲህ ያለ ቀን ሞቆት ዘልሎ ሲገባ፣ በጥር በመሰላል ከምትወርደው ሴት ይልቅ ለድንጋጤው የተጋለጠ ነው። እኔም ሰሌዳው 12 እስኪል ድረስ ጓንቴን፣ ጋቢዬንና ፔርሙዜን ይዤ መሄዴን አላቋርጥም።