ቶኪዮ ዶም፣ የዘወረደ ማክሰኞ

ጾሙ በገባ በሁለተኛው ቀን ቶኪዮ ነበርኩ። ማክሰኞ፣ የካቲት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.። ያረፍኩት የአክስቴ ልጅ ዘንድ ነው፤ ካትሱሺካ በሚባለው ወረዳ፣ ዮትሱጊ ሰፈር። ሐበሻ በርከት ብሎ የሚኖርበት አካባቢ ስለሆነ እንጀራና ምስር ብርቅ አይደለም። በልተን፣ ጃኬት ደራርበን ወጣን።

የመጣሁት ለሥራ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ግን ሁለት ቀን ጨምሬ ቀረሁ። ምክንያቴ ኬጂ ሙቶ የሚባል ጃፓናዊ ሬስለር ነው። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ባለች ቪዲዮ ቤት ፊቱን ቀለም ተቀብቶ፣ ከአፉ አረንጓዴ ነገር ሲረጭ ያየሁት ሰው። ያኔ ግሬት ሙታ ነበር የሚሉት። እኔ ቶኪዮ ስሄድ 60 ዓመቱ ነበር፤ ሁለቱም ጉልበቶቹ ሰው ሠራሽ ናቸው። በዚያ ምሽት የመጨረሻ ግጥሚያውን ሊያደርግ ነው።

አሳኩሳባሺ ላይ ባቡር ቀይረን፣ ሦስተኛው ፌርማታ ሱይዶባሺ ወረድን። ከጣቢያው ወጥተን ብዙም ሳንራመድ ነጩ ጣሪያ ታየን። ቶኪዮ ዶም በ1988 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ነው። ጣሪያውን ምሰሶ አይደለም የያዘው፤ ከውስጥ የሚነፋ አየር ነው። አየሩ እንዳያመልጥ ሰው የሚገባው በሚሽከረከር በር ነው። በሩ ዳር ሰው ሁሉ ዶሮ በእንጨት ሰክቶ ይበላል። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ ከሱቅ የገዛሁትን ኮምጣጣ ፍሬ ያለበት የሩዝ ቂጣ በላሁ። ደስ ይላል፣ እውነቴን ነው።

የአክስቴ ልጅ ሬስሊንግ አይወድም። ወንበር እየፈለግን "ማን እንደሚያሸንፍ ቀድመው ተነጋግረው የለ እንዴ? ምኑን ነው የምታየው?" አለኝ።

አዎ፣ ይነጋገራሉ። አንድ የሬስሊንግ ድርጅት፣ አንድ ቤት ውስጥ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። አለቃው "ዛሬ አንተ ትወድቃለህ" ይላል፣ ያ ሰው ይወድቃል፤ ነገ ደግሞ ተራው ይደርሰዋል። ሁለት ተፎካካሪ ቤቶች የየራሳቸውን ኮከብ ሲያገናኙስ? የትኛው ቤት ነው የእኔ ሰው ይውደቅ ብሎ እሺ የሚለው? የሚወድቀው ሰው ብቻውን አይወድቅም። ትኬት የሚገዙለት ሰዎች፣ አብረውት የሚሠሩት ልጆች፣ የድርጅቱ ስም፣ ሁሉም አብሮት ይወድቃል። ለዚህ ነው ውጤቱ የታወቀ ቢሆንም ልቤ የሚመታው።

ይህ ደግሞ እዚሁ ጣሪያ ሥር ታይቷል። ጥቅምት 9 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ሙቶ ኒው ጃፓን ለሚባለው ድርጅት፣ ኖቡሂኮ ታካዳ ለተፎካካሪው ዩ.ደብሊው.ኤፍ. ኢንተርናሽናል ተጋጠሙ። የታካዳ ድርጅት ራሱን ከሌሎቹ ለይቶ "የእኛ እውነተኛ ፍልሚያ ነው" የሚል ነበር፤ በምት፣ በማነቅ፣ ክንድ በመጠምዘዝ። 67,000 ሰው ገባ ተባለ። ሙቶ ያሸነፈው በምን መሰላችሁ? እግርን በእግር ቆልፎ በሚያዝ፣ የድሮ የሬስሊንግ መያዣ። የታካዳ ወገን የሚንቀው ዓይነት። ታካዳ በ16 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ እጅ ሰጠ። በጥር ታካዳ መልሶ ሙቶን አሸነፈው፣ የሻምፒዮንነት ቀበቶውንም ወሰደ። የመጀመሪያው ሽንፈት ግን አልጠፋም። የታካዳ ድርጅት በ1996 መጨረሻ ተዘጋ።

አጠገቤ አንድ አዛውንት ተቀምጠዋል። ፎጣ አንገታቸው ላይ ጠምጥመዋል፣ አፋቸውን በማስክ ሸፍነዋል። የአክስቴ ልጅ እንደተረጎመልኝ፣ ሙቶና ታካዳ የተጋጠሙ ቀንም እዚህ ነበሩ። "ሰው ሲጮህ አልነበረም፣ ሲያለቅስ ነበር" አሉን።

ከዋናው ግጥሚያ በፊት የነበረውን ነው ይበልጥ የማስታውሰው። ካዙቺካ ኦካዳ ከኒው ጃፓን፣ ካይቶ ኪዮሚያ ከትንሹ ቤት፣ ከኖዋ። ሁለቱም የየቤታቸውን ትልቁን ቀበቶ የያዙ። ኦካዳ 35፣ ኪዮሚያ 26። ከአንድ ወር በፊት ዮኮሃማ ላይ ሁለቱ ድርጅቶች ሲገናኙ ኪዮሚያ የኦካዳን ፊት በእግሩ መትቶት፣ ጥንድ ለጥንድ የነበረው ግጥሚያ ያለ አሸናፊ ተበትኖ ነበር። ኦካዳ ልጁን ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ኪዮሚያ ግን አለቅህም አለ።

የተቀመጥነው ከሪንጉ ርቀን ነው። ከዚያ ሲታይ አንድ ነገር ይገርማል። ሰውየው መጀመሪያ ይወድቃል፣ ድምፁ ቀጥሎ ይደርሳል። እጅ ደረት ላይ ሲያርፍ ታያለህ፤ ጧ የሚለው ከቅጽበት በኋላ ይመጣል። ያቺ ቅጽበት ውስጥ አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል።

ኪዮሚያ የሙቶን ምት ተጠቀመ። የተንበረከከ ሰው ጭን ላይ ረግጦ ወጥቶ በጉልበት ፊቱን መምታት። አዛውንቱ ፎጣቸውን በሁለት እጅ ጨበጡ። ኦካዳ ግን የኪዮሚያን አንጓ ከያዘ አይለቅም። ከጀርባ ያቅፈዋል፣ እጁን ይዞ ወደ ውጭ ያሽከረክረዋል፣ መልሶ ይስበውና በክንዱ አንገቱ ሥር ይመታዋል። ሬይንሜከር ይሉታል። ኪዮሚያ ትከሻው መሬት እንደነካ ዳኛው ሦስት ቆጠረ። አለቀ።

ትንሹ ቤት ወደቀ ማለት ነው። ኖዋን በ2000 እ.ኤ.አ. የመሠረተው ሚትሱሃሩ ሚሳዋ በ2009 ሪንግ ውስጥ ተጎድቶ ነው የሞተው፤ ከዚያ ወዲህ ቤቱ በብዙ ተፈትኗል። ዓይኔን ከኪዮሚያ ላይ አላነሳሁም። ልጁ የወደቀው ምንም ሳያስቀር ነው። ላሸነፈው ሰው ሙሉ ክብር ሰጥቶ መውደቅ፣ ያውም ከሌላ ቤት ለመጣ፣ ያውም ገና በ26 ዓመት። እኔ ይህን ትልቅ ሙያ ነው የምለው።

ከዚያ ሙቶ። ተጋጣሚው ቴትሱያ ናይቶ ነው፤ ሙቶ ካደገበት ከኒው ጃፓን። ሙቶ ደግሞ በዚያን ጊዜ የኖዋ ሰው። የሞቱ ጓደኞቹን ምት አንድ በአንድ አሳየ፤ የሺንያ ሃሺሞቶን፣ የሚሳዋን። ገመዱ ጫፍ ላይም ወጣ። በወጣትነቱ የታወቀበትን፣ ወደ ኋላ ተገልብጦ ተጋጣሚ ላይ የሚያርፍበትን ዝላይ ሊዘል ነው። ሐኪም ከልክሎታል። ቆመ። አዳራሹ ይለምነዋል፣ አዳራሹ ይፈራለታል። ወረደ። ዓይኔ ዕንባ ሞላ።

ናይቶ አሸነፈው። እኔ አበቃ ብዬ ተነስቻለሁ። ሙቶ ማይክራፎን ይዞ ማሳሂሮ ቾኖን ጠራው። ቾኖ አስተያየት ሊሰጥ የመጣ እንግዳ ነው፤ የሚሄደው በከዘራ ነው። ሁለቱ ሬስሊንግ የጀመሩት በአንድ ቀን፣ እርስ በርስ ተጋጥመው ነበር፤ ጥቅምት 5 ቀን 1984 እ.ኤ.አ.። ቾኖ ወጣ። ተያያዙ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፤ ቾኖ እግሩን ቆልፎ ፊቱን ያዘው፣ ሙቶ እጅ ሰጠ። አዛውንቱ በፎጣው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ስንወጣ የዶሙ አየር ከኋላ ገፋን። ያ ሁሉ ሰው ተገፍቶ ብርዱ ውስጥ ገባ። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው ተሰናበቱን፤ እኛም ጎንበስ አልን።

ባቡር ውስጥ የአክስቴ ልጅ ዝም አለ። አሳኩሳባሺ ልንደርስ ስንል ድንገት ዞሮ፣

"ያ ልጅ ግን" አለኝ፤ "ኪዮሚያ። ከዚያ ሰውዬ ጋር ደግመው የሚገጥሙት መቼ ነው?"