ስፖንጁን ነጭ እስኪሆን ያጠብኩ ቀን

ሚያዝያ ላይ አንድ ጠዋት ሳሎን ስገባ ስድስቱም ቆሮሶ ዓሦቼ የገንዳቸው ውሃ አናት ላይ ተደርድረው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። ክንፋቸው ከገላቸው ጋር ተጣብቋል። የሚተነፍሱበት የስንጥባቸው ክዳን ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ከሥሩ የሚታየው ሥጋ ደም መስሏል። ልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች "አባዬ፣ ምን ሆኑ?" አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም።

ገንዳው 120 ሊትር ገደማ ይይዛል። መስታወቱን እዚሁ ባሕር ዳር አስቆርጬ በሲሊኮን ያጣበቅኩት እኔ ነኝ፤ ማጣሪያው በትንሽ ፓምፕ የሚሠራ ወፍራም ስፖንጅ ነው። ጫጩቶቹን ያገኘሁት ከከተማው ወጣ ብሎ ኩሬ ቆፍረው ዓሣ ከሚያረቡ አንድ አባት ነው። ቆሮሶ ጣናም ውስጥ ሞልቷል፣ ብርቱ ዓሣ ነው፤ አራት ወር ሙሉ አንድም ቀን አሳስበውኝ አያውቁም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አየር ነው። ያለ ምክንያትም አይደለም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከቆላው ያንሳል፤ ሚያዝያ ላይ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ሌሊቱን መብራት ጠፍቶ ስለነበር በጆግ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሰስኩበት። ትንሽ ቀለል ያላቸው መሰለኝ። መብራት መጥቶ ፓምፑ ግማሽ ቀን ከሠራ በኋላ ግን ያው ናቸው።

ቀጥሎ የሠራሁት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ውሃው ተበላሽቷል ብዬ ሙሉውን ደፋሁና በቀጥታ ከቧንቧ ሞላሁት። በማግስቱ ትልቁን ሞቶ አገኘሁት።

ያን ጊዜ ነው ለኩሬው ባለቤት የደወልኩት። ስለ ዓሦቹ ሳይሆን ስለ እኔ ጠየቁኝ፦ "ልጄ፣ ሰሞኑን ምን ነካክተህ ነበር?"

"ምንም ጋሼ። ስፖንጁን ብቻ ነው ያጠብኩት።"

"በምን ውሃ?"

"በቧንቧ። ሳሙና አልነካሁትም፤ ነጭ እስኪሆን ብቻ አሸሁት።"

"አየህ፣ የዓሦቹን ጠባቂ ነው አጥበህ የደፋኸው።"

ያ ቡናማ ልጋግ ለእኔ ቆሻሻ ነበር። ለካ ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት እሱ ውስጥ ነው። ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል፤ አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጣል። የቧንቧው ክሎሪን የተሠራው ጀርም ለመግደል ስለሆነ እነሱንም አይምርም። እኔ ደግሞ ሁለት ጊዜ ነው የመታኋቸው፤ መጀመሪያ ስፖንጁን ሳጥብ፣ ኋላ ገንዳውን ስሞላ።

የውሃ መመርመሪያ ጠብታ ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። አሞኒያው በሊትር 2 ሚሊግራም፣ የውሃው አሲድነት መለኪያ ፒኤች ደግሞ 8። ሁለቱ ሲገናኙ ነው ጉዱ፦ 25 ዲግሪ በሞቀ ውሃ ውስጥ ፒኤቹ 7 ቢሆን መርዛማው የአሞኒያ ክፍል ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ 8 ሲደርስ ግን ከመቶ 5 ያልፋል።

ሕክምናው ትዕግሥት ብቻ ነበር። ማታ ማታ 40 ሊትር ውሃ በሰፊ ሳፋ ቀድቼ ክሎሪኑ እንዲተንለት ክፍቱን አሳድረዋለሁ፤ ጠዋት የገንዳውን ሲሶ በእሱ እቀይራለሁ። ሦስት ቀን ምግብ ከለከልኳቸው፤ ምግብ ከበሉ አሞኒያ ይጨምራሉና። ጋሼም ከራሳቸው ማጣሪያ አንድ ቁራጭ አሮጌ ስፖንጅ በገንዳቸው ውሃ ውስጥ እንደተነከረ ሰጡኝና ከእኔው ጎን ሰካሁት። ከሌላ ሰው ቤት ቢሆን በሽታ ያመጣብኛል ብዬ አልደፍርም ነበር፤ ዓሦቼ ከዚያው የመጡ ስለሆኑ ነው።

በዘጠነኛው ቀን አሞኒያው ወረደ፣ ደስ አለኝ። ግን ናይትራይቱ ወጣ። ቀይ የነበረው ስንጥባቸው አሁን ወደ ቡናማ አደላ፤ ናይትራይት ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። በሊትር አንድ ግራም ሒሳብ 120 ግራም ተራ ጨው በጥብጬ ጨመርኩ፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥብ እንዳይገባ ይሻማል። ጨው ከውሃው ጋር አይተንም፤ ስለዚህ ከዚያ በኋላ የጨመርኩት ለቀየርኩት ውሃ ልክ ብቻ ነው። በአራተኛው ሳምንት ሁለቱም ዜሮ ሆኑ፤ አምስቱም ተረፉ።

አሁን ስፖንጁን የማጥበው ከገንዳው በቀዳሁት ውሃ፣ ግማሹን ዛሬ ግማሹን ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሁለቴ ሦስቴ ጨመቅ አደርገዋለሁ፣ ውሃው እንደ አተላ ይደፈርሳል፣ ይበቃዋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጆጌን ይዤ እቀመጣለሁ።

ነሐሴ ላይ አንዷ ቆሮሶ ምግብ ተወች። ጉሮሮዋ አብጦ ጥግ ይዛ ቆመች። እጄ ወደ ሳፋው ሄዶ ነበር፤ መለስኩትና ጠብታውን አወጣሁ። አሞኒያ የለም፣ ናይትራይት የለም። ምንም ሳልነካ ተውኳት። አሥራ ሁለት ቀን ቆይቶ ልጄ ከሳሎን "አባዬ፣ ከአፏ ልጆች እየወጡ ነው!" ብላ ጮኸች። ስሮጥ ደረስኩ፤ ጥላዬን ሲያዩ ተሽቀዳድመው ወደ እናታቸው አፍ ተመልሰው ገቡ።