ለመጸለይ ያፈርኩበት በሽታ

እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ለመመስከር ሁለት ዓመት አፍሬያለሁ፤ በሽታዬ የሆድ ድርቀት ነበርና። ኩላሊቱን የታመመ ጸበል ይወሰዳል፣ ይጸለይለታል። ሳምንት ሙሉ ሽንት ቤት ተቀምጣ አልቅሳ ለምትመለስ ሴት ግን ማን ይጸልያል?

ሦስተኛ ልጄን ወልጄ ለደም ማነስ የአይረን ኪኒን ታዘዘልኝ። ድርቀቱ ያኔ ጀመረኝ፤ ኪኒኑ ካለቀ በኋላም አልለቀቀኝም። አራት ዓመት።

ያቺ ሌሊት ሐምሌ ውስጥ ነበረች፤ ሐይቅ ከተማ፣ ቤታችን ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ከወጣልኝ 9 ቀን ሆኖኛል። ሆዴ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ ያስመልሰኝ ጀመር። ባለቤቴ በጭቃው መኪና ፍለጋ ወጣ። እኔ መሬቱ ላይ ተኮራምቼ፣ «አራት ዓመት ስለምንህ ጆሮህን ደፈንክብኝ፤ እንግዲህ ግደለኝና ይብቃህ» አልኩት። እግዚአብሔርን ነው ያልኩት፤ ይቅር ይበለኝ። ወዲያው ግን አፌ ሳላዘው «በመከራም ቀን ጥራኝ፤ አድንህማለሁ» ይል ጀመር። «የግሸኗ እመቤቴ፣ ካተረፍሽኝ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ» ብዬም ተሳልኩ።

ጩኸቴን የሰሙት ጎረቤታችን እማማ ናቸው። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» እያሉ ወገቤን አሹኝ። እሳቸው ዱዓቸውን፣ እኔ አቡነ ዘበሰማያቴን፣ መኪናው እስኪመጣ እንዲሁ ቆየን። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝመው።

ደሴ ስንደርስ አንጀቷ ታጥፎ ይሆናል፣ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ተባለ። ባለቤቴ ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል። ወጣቱ ሐኪም ራጁን አይቶ «አልታጠፈም፤ የደረቀ ሰገራ ነው የዘጋት» አለ። በታች በኩል ውሃ እያስገቡ ታገሉልኝ፤ ሊነጋጋ ሲል ተፈታልኝ። «ልቅሶ ማታ ይመጣል፥ ጥዋት ግን ደስታ ይሆናል» የሚለው ቃል ለእኔ የተጻፈ መሰለኝ።

ያ ልጅ፣ ውለታውን እግዚአብሔር ይክፈለው፣ ሳይቸኩል አስረዳኝ። ትልቁ አንጀታችን ውስጥ እልፍ አእላፍ ባክቴሪያ እንደሚኖር፣ ከአትክልትና ከጥራጥሬ የሚተርፈውን አሰር እያብላላ እንደሚኖርበት፣ እርጎ ውስጥ ያለው ሕያው ባክቴሪያ ደግሞ አንዳንዱን ሰው እንደሚረዳ ነገረኝ። «ውሃ ጠጪ። ወተቱንም አፍልተሽ አርጊው፤ ጥሬው ብሩሴሎሲስ የሚባል ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ያመጣል» አለኝ።

እማማ ይህን ሲሰሙ ለእኔ ብቻ አንድ ቅል ለዩልኝ። ወተቱን ያፈላሉ፤ ጣታቸውን ነክረው የማያቃጥል ሙቀት ላይ ሲደርስ ከትናንቱ እርጎ አንድ ማንኪያ ጠብ አድርገው በወይራ በታጠነው ቅል ይከድኑታል። ጠዋት ጠዋት አንድ ብርጭቆ፣ የወይራው ጭስ ከአፍንጫዬ ሳይጠፋ። ፍልሰታ ሲገባ የንስሐ አባቴ «ለሕመምሽ ነው፣ ጠጪ» ብለው ፈቀዱልኝ። ውሃውም፣ ተልባውም አግዞኛል፤ እርጎው ብቻ ነው ብዬ አልዋሽም። ሁሉን በአንዲት ሌሊት አንድ ላይ ያመጣልኝን ግን አውቀዋለሁ።

ወራት አለፉ። ሆዴ ሰው ሆነ።

ዘንድሮ መስከረም 21 ግሸን ልወጣ ስነሣ እማማ በር ላይ ጠብቀው ብር አስጨበጡኝ። «የእኔንም ጧፍ አብሪልኝ» አሉ። ጃንጥላዬን አስገብቼ፣ ሁለት ጧፍ አበራሁ።