ማርሽ በሌለው ብስክሌት እስከ ድልድዩ

ብስክሌቱ በዕድሜ ይበልጠኛል። ጥቁር ነው፣ ከባድ ነው፣ ኮርቻው የቆዳ ነው። ፍሬኑ እንደ ዛሬዎቹ በገመድ የሚሠራ አይደለም፣ ከመሪው ሥር እስከ ጎማው በወረደ የብረት ዘንግ ነው። ማርሽ የሚባል ነገር የለውም። ፊት አንድ ጥርሳም ብረት፣ ኋላ አንድ፣ መሃል ላይ ካቴና፣ በቃ። በእሱ የወንዙን ዳር መንገድ ይዤ እስከ ድልድዩ ሄድኩ።

የፊተኛው 48 ጥርስ አለው፣ የኋለኛው 19። ፔዳሉ አንዴ ሲዞር የኋላው ጎማ ሁለት ዙር ተኩል ይሽከረከራል፣ ይህም አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ያስኬዳል። ሜዳ ላይም ዳገት ላይም ያው ነው። ስለዚህ መፍጠን የፈለገ እግሩን ማፍጠን ነው ያለበት። እኔ ደግሞ አልፈለግኩም። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄድኩ ዙሪያዬን አያለሁ፣ መሪው ሰፊና ከፍ ያለ ስለሆነ ወገቤ ቀጥ ብሏል፣ አንገቴም አልታጠፈም። በውድድር ብስክሌት ስሄድ እኮ ከአስፋልቱ ሌላ የማየው ነገር የለም!

ደስ የሚለኝ ድምፁ ነው። ስረግጥ ዝም ይላል፣ ኮርቻው ብቻ አልፎ አልፎ ሲጥ ይላል። እግሬን ሳሳርፍ ግን ከኋላው ጎማ መሃል ጠክ ጠክ ጠክ የሚል ይጀምራል። ውስጥ ያሉት ትንንሽ የብረት ምላሶች በጥርሶቹ ላይ እየተንሸራተቱ ነው። ስፈጥን ይፈጥናል፣ ስዘገይ ይዘገያል። ፍጥነቴን በጆሮዬ አውቀው ጀመር።

ከመንገዱ አጋማሽ በኋላ ዳገቱ መጣ። ማርሽ የሌለው ብስክሌት ዳገት የሚወጣው ዳገቱ ሳይጀምር ነው። ከፊቱ ያለችውን ቁልቁለት ፍሬን ሳልነካ ወረድኩ፣ ያገኘሁትን ፍጥነት ይዤ ገባሁ፣ ሲያልቅብኝ ከኮርቻው ተነስቼ በሙሉ ክብደቴ ረገጥኩ። እሱም ሲያቅት ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። ወርዶ መግፋት ምንም ነውር የለውም። ቱር ደ ፍራንስ እ.ኤ.አ. በ1903 ከተጀመረ በኋላ እስከ 1937 ድረስ ተወዳዳሪዎች ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዛውረውን ማርሽ እንዲጠቀሙ አይፈቀድላቸውም ነበር። የኋላው ጎማ በግራም በቀኝም የተለያየ ጥርስ ይገጠምለት ነበርና፣ ተራራው ሥር ሲደርሱ ይወርዳሉ፣ ጎማውን ፈትተው ያዞሩታል፣ መልሰው ያስሩና ይወጣሉ። ያ ሁሉ በውድድር ሰዓት፣ በዚያ ብርድ! እኔ ጎማ መፍታት እንኳ አላስፈለገኝም። እየገፋሁ ስወጣ ከመንገዱ ዳር ካለው የድንጋይ ግንብ ስንጥቅ ውስጥ እንሽላሊቶች ብቅ ጥልቅ ሲሉ አየሁ። በብስክሌት ላይ ብሆን አላያቸውም ነበር።

ከዳገቱ ማዶ ያለው ቁልቁለት ረጅም ነው። እዚህ ጥንቃቄ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም የዘንግ ፍሬን ቸርኬውን ከውስጥ በኩል ወደ ላይ እየሳበ ነው የሚይዘው፣ ቸርኬው ደግሞ የብረት ስለሆነ ውሃ ከነካው ይንሸራተታል። ዕለቱ ደረቅ ነበር፣ ቢሆንም ከላይ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ያዝኩት። በዝናብ ይህን ቁልቁለት አልሞክረውም። ከታች ድልድዩ ነው።

መልሱ ላይ ነፋሱ ከፊቴ ሆነ፣ ሜዳው ራሱ ዳገት ሆነብኝ፣ ግን አልጠላሁትም። እግር በዝግታ የሚረግጥበት ምት አለው፣ አንዴ ከገቡበት ሰዓቱ አይታወቅም። ለውድድር ሳይሆን ለሽርሽር እንዲህ ያለ ብስክሌት ያላችሁ ሰዎች ግን የኋላውን ጥርሳም ብረት ከፍ ባለ ቀይሩት፣ እኔም ልቀይረው ነው። ከ19 ወደ 22 ጥርስ ቢሄድ ሜዳ ላይ ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ዳገቱ ግን ግማሹ ድረስ ሳይወርዱ ይገፋል። ካቴናው ካጠረ የኋላው ጎማ ትንሽ ወደ ፊት ይገባል፣ ካልበቃም ካቴናውን ማስረዘም ነው።