ሲንገሬ ስንት ታወጣለች?

በእቁባችን የመጨረሻዋ ባለዕጣ እኔ ነበርኩ። 320 ሺህ ብር። የእቁቡ ዳኛ «ዛሬ፣ ነገ» እያለ ዓመት ካስቆጠረኝ በኋላ ስልኬን ማንሳት ተወ። ልክሰሰው ብዬ ፍርድ ቤት ብሄድ የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በምጠይቀው ገንዘብ ልክ ነው አሉኝ። የተበላሁትን ብር ለማስመለስ መጀመሪያ ብር!

«በደሃ ደንብ ክፈቺዋ» ያሉኝ ከበሩ ውጭ ማመልከቻ የሚጽፉት አባባ ናቸው። አቅም የሌለው ሰው የዳኝነት ሳይከፍል የሚከስበት መንገድ ነው፤ በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 467 ጀምሮ ተጽፏል። ቃሉ ግን አሳፈረኝ። ሃያ ዓመት ሰፍቼ ልጅ ያሳደግኩ ሴት ደሃ ልባል?

አቅም እንደሌለኝ የሚመሰክረው የወረዳው ደብዳቤ ሦስት ቀን አመላለሰኝና ተገኘ። የከበደኝ የንብረት ዝርዝሩ ነው። ያለሽን ሁሉ ከነግምቱ ትጽፊያለሽ፤ እውነት ነው ብለሽም ታረጋግጫለሽ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ አሮጌ ቴሌቪዥን። የስፌት መኪናዬ ሲንገሬ ላይ ስንደርስ ዝም አልኩ። ጎረቤቴ «ዝለያት፣ ማን ቤትሽ መጥቶ ያያል?» ብላኝ ነበር። አባባ መነጽራቸውን አውልቀው «ከደበቅሽ መዝገቡን በገዛ እጅሽ ዘጋሽው» አሉኝ። 18 ሺህ ብር ብለን ጻፍናት።

ዳኛዋ «በወር ስንት ያገኛሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እንደ ወሩ ነው፣ ክብርት ዳኛ። ጥር ላይ ሰርግ ስለሚበዛ ደህና ነው፤ ሁዳዴ ሲገባ ኪራይም አይሞላ።»

ፈገግ አሉ። ተፈቀደልኝ።

ስጦታ ነው ብላችሁ እንዳትሞኙ። ከረታሁ ያልከፈልኩት የዳኝነት ይሰላና ይጠየቃል። ጠበቃም አብሮ አይመጣም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(5) ላይ መንግሥት ጠበቃ ያቆማል የሚለው አቅም ለሌለው የወንጀል ተከሳሽ ነው፤ ያውም ፍትሕ የሚጓደል ከሆነ። ተከሳሽ ሁሉ ሌባ ነው ማለቴ አይደለም፤ ግን የተበላው ሰው ለራሱ ሲቆም ትንሽ ይከነክናል። የደመወዝ ክርክር ያለባችሁ ሠራተኞች ደግሞ በዚህ ሁሉ አትድከሙ፤ በአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ሠራተኛ የዳኝነት አይከፍልም።

መጥሪያውን ራሴ ለእቁቡ ዳኛ ሱቁ ድረስ ወስጄ ሰጠሁት። ሲፈርም እጁን አየሁት። አዲስ ሰዓት አስሯል።