ደመወዝ ስትጀምሩ እድር ግቡ

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ተመርቃችሁ ሥራ ለያዛችሁ ልጆች ነው። ቆጥቡ፣ ማስተርስ ቀጥሉ፣ ቋንቋ ተማሩ የሚላችሁ ሞልቷል። እኔ ግን እድር ግቡ ነው የምላችሁ።

አዎ፣ እድር። የእናትና የአባት ጉዳይ እንደሚመስላችሁ ይገባኛል። ግን አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ከሚኖር የክፍለ ሀገር ልጅ በላይ እድር የሚያስፈልገው የለም። ጎረቤቱ ስሙን አያውቅም። ቢታመም በሩን የሚያንኳኳ የለም። ገንዘብ ያዥ ወይም ንብረት ክፍል ሲቀጠር ዋስ አምጣ ይባላል፤ ታዲያ የሥራና የደመወዝ ማስረጃውን ይዞ መጥቶ የሚፈርምለት ሰው ከየት ያመጣል?

እድር ውስጥ ጉልበት ያለው ወጣት ይፈለጋል። ድንኳን ሲተከል ብረቱን ትይዛላችሁ፣ አግዳሚ ወንበር ከመኪና ታወርዳላችሁ፣ ትልልቁን ብረት ድስት ከዕቃ ቤት ታወጣላችሁ፣ ማታ ደግሞ ለቅሶ ቤት ታመሻላችሁ። አጠገባችሁ የተቀመጡት አባት ጡረታ የወጡ ሒሳብ ሹም ይሆናሉ፣ ወይም ጋራዥ ያላቸው ሰው። ስትሠሩ አይተዋችኋል፣ ሲቪያችሁን አልጠየቁም፤ ዋስ አምጡ ስትባሉ የምትጠይቁት ሰው አላችሁ ማለት ነው። ጸሐፊ ሁኑ ከተባላችሁ እሺ በሉ፣ አትግደርደሩ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች በመዋጮ ጉዳይ ተጯጩኸው ሳለ ሁለቱም የሚስማሙበትን ቃለ ጉባኤ መጻፍ የቻለ ልጅ የትኛውም ቢሮ ገብቶ ይሠራል፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።

መግባት ደግሞ በጊዜ ነው። የቆየ እድር ንብረትና ተቀማጭ ስላለው አዲስ ገቢ መግቢያ ይጠየቃል፣ ያውም በብዙ ቦታ በየጊዜው ይጨምራል። ኪራይ ቤት የምትቀያይሩ ከሆነ የመሥሪያ ቤት እድር ይሻላል፣ ከደመወዝ ስለሚቆረጥ አይረሳም። ደንቡን ግን ሳታነቡ አትፈርሙ። ቀሪ ስትሆኑ ቅጣቱ ስንት ነው? ከተመዘገባችሁ ከስንት ወር በኋላ ነው እድሩ ለእናንተ መክፈል የሚጀምረው? ለማን ለማን ይከፍላል?

የቤተሰብ ዝርዝር ሲሞላ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ ክፍለ ሀገር ያሉትን እናትና አባታችሁን አስመዝግቡ። ብዙ ልጅ ያላገባሁ ነኝ ብሎ ባዶውን ይተወዋል። ክፉ ቀን ሲመጣ በሌሊት መኪና ይዞ የሚያደርሳችሁ፣ ለጉዞውም ለተዝካሩም እጃችሁ ላይ የሚሆን ብር የሚመጣው በዚያች መስመር ነው።